ገመቹን የሚወስድ ሀገር

እናታችን የዚያን ዕለት ማታ ያለቀሰችው በሩዝ ምክንያት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዝናብ ነበር፤ የነቀምቴን የክረምት ዝናብ ታውቁታላችሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጃንጥላውን እንደያዘ ደጃችን ላይ ቆሞ መኪናው ማዘጋጃ ቤት ጋ እየጠበቀ ነው፣ ልጆቹ ይነሱ ሲላት፣ እሷ ደግሞ ለስንቃችን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቅል ውስጥ እየጠቀጠቀች ነበር። ቀና ብላ «የሚሄዱበት ሀገር ምን ያበሏቸዋል?» አለችው።

«ሩዝ ነው፣ ጓድ ጫልቱ። ጠዋትም ማታም ሩዝ ሞልቷል።»

«ሩዝ የሚበላ የታመመ ሰው ነው።»

«አብዮታዊት ኩባ ልጆችሽን ታሳድግልሻለች።»

«እስከ ዛሬ ማን ሲያሳድጋቸው ነበር?»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጃንጥላውን ዘግቶ እንደገና ከፈተው። እማዬም ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ሩዝ» እያለች አለቀሰች።

አባታችን ከጎጃም ለግንብ ሥራ ነቀምቴ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እናታችን የጉደያ ቢላ ልጅ ነች። እኔን አባቴ በላይነሽ አለኝ፤ ታናሽ ወንድሜን ደግሞ እናቴ ገመቹ አለችው፣ በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው። አባዬ ሚሊሻ ተብሎ ሄደና ኦጋዴን ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሰማዕታት ልጆች ተባልን፤ የሰማዕታት ልጆች ኩባ ሄደው ይማራሉ ተባለ። ተባለ እንጂ የጠየቀን ሰው የለም። ጭነት መኪናው ላይ ስንወጣ እማዬ ጭኮውን በቅል አቀበለችን፤ «ያ ኢልማ ኮ፣ ያ ኢንታላ ኮ» አለች፣ ልጄ ልጄ ማለቷ ነው። ባኮን ስናልፍ ገመቹ እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው።

አሰብ ላይ የሩሲያ መርከብ አሳፈሩን። የዚያን ባሕር ነገር ባልናገር ይሻላል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ልጅ እርስ በርሱ ሳይግባባ አብሮ ያስመልሰው ነበር፤ ጭኮዋን ለሁሉም በጥፍር በጥፍር አካፈልናት። ከመርከቡ ወርደን ወደምንማርበት ደሴት ስንደርስ ሙቀቱ ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም የሚወጣ ነበር። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሀ የሚሉትን ትልቅ መራራ ብርቱካን እንለቅማለን። ሰዉ ደግ ነው፣ ጉንጭ ይስማል። ግን «ኬ ታል?»፣ እንዴት ነሽ፣ ይልሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኛ ጋ እኮ ሰው አካም ጅርታ ካለሽ ስለ ከብቱም ስለ ልጁም ሳይጠይቅሽ አይለቅሽም። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ተልጦ የተከመረ ነጭ ሥር አየንና «አንጮቴ! አንጮቴ!» ብለን የወለጋ ልጆች በሙሉ ተሯሯጥን። ዩካ የሚሉት ካሳቫ ነበር። ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው፤ እንዳላዘንን ሆነን በላነው።

ገመቹን ያዳነው ፔሎታ ነው። ያዳነው ልበል እንጂ አሁን እንኳ ልክ መሆኔን አላውቅም። ፔሎታ ኩባዎች እንደ ነፍሳቸው የሚወዱት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የቀሩት በአንድ እጃቸው የቆዳ ጓንት አጥልቀው ይቀልባሉ። የመታው ልጅ በአራት ማረፊያዎች ዙሪያ ይሮጣል፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ማረፊያ መካከል የሚቆመውን ቶርፔዴሮ ይሉታል። በምድር ላይ እየተንከባለለም እየዘለለም የሚመጣው ኳስ አብዛኛው የእሱ ነው፤ ቀልቦ ሳያርፍ ሜዳውን አቋርጦ መወርወር አለበት። ገመቹ የተቀደደ ጓንት ተውሶ እዚያ ቦታ ቆመ፣ በዚያው ቀረ። ሌሊት አባቱን እየጠራ ይጮህ የነበረ ልጅ መተኛት ጀመረ።

እኔ ስፓኒሹ ቶሎ ስለገባኝ አስተማሪዎቹ ያስተረጉሙኝ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ነው ያ ሰው ሲመጣ ሜዳው ዳር የቆምኩት። ኤቬሊዮ ይባላል፣ ከዋናው መሬት የመጣ አሠልጣኝ፤ ሥራው ወጣት ተጫዋቾችን እያየ ለስፖርት ትምህርት ቤት መምረጥ ነው። ወፍራም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ የሚያኝክ ሽማግሌ። ራሱ ዱላ ይዞ ለገመቹ ኳስ ይመታለታል፤ በቀኝ፣ በግራ፣ አንዳንዴ ዝግ ያለች፣ አንዳንዴ ጥይት የምትመስል። ልጆቹ ኳሷ በተቀለበች ቁጥር ሲያጨበጭቡ እሱ ወደ ኳሷ አያይም።

«ኮምፓኜሮ፣ ምኑን ነው የምታየው?» አልኩት፤ ኮምፓኜሮ ጓድ ማለት ነው።

«እግሩን። ኳስ ማየት የተመልካች ሥራ ነው። እኔ የምፈልገው ኳሷ ከዱላው ሳትነሳ እግሩ መነሳቱን ነው።»

ሜዳው ላይ ጠጠር የበዛበት ጎን ነበር። ኤቬሊዮ ሆን ብሎ ወደዚያ መታት፤ ኳሷ ጠጠር ነክታ ተፈናጠረችና የገመቹን ከንፈር ሰነጠቀችው። ወደ እሱ ልሮጥ ስል ሽማግሌው በዱላው ከለከለኝ። ገመቹ ደሙን በእጅጌው ጠረገና አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ። ያን ጊዜ ኤቬሊዮ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ወረቀቱ ላይ አሥራ አምስት ይላል።»

«ወረቀቱን አልጠየቅኩም።»

ምን ልበለው? ወረቀቱን የሞላው ያ ባለ ጃንጥላው ሊቀመንበር ነው፣ በግምት። እማዬ ገመቹን የወለደችው ጤፍ ሲታጨድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የየትኛው ዓመት ጤፍ እንደሆነ ግን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። «ቢያንስ እንጂ አይበልጥም» አልኩት።

«አባታችሁ ቁመቱ ምን ያህል ነበር?»

ይህን የሚጠይቁት ልጁ የት ድረስ እንደሚያድግ ለመገመት ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ነቀምቴን ከለቀቅን ስለ አባዬ የጠየቀን ሰው አልነበረም። ወደ ገመቹ ዞርኩ። «አባዬ ረጅም ነበር?»

ከንፈሩን በመሐረብ ይዞ አሰበ። «በራችን ላይ ጎንበስ ይል ነበር።»

«በራችን አጭር ነበር እኮ።»

«ቢሆንም ጎንበስ ይል ነበር፣ እታለም።»

«ረጅም ነበር» ብዬ ተረጎምኩ።

ከዚያ እጁን ማን አስተማረው አለኝ፤ ኳስ ሲቀበል እጁ ለኳሷ ቦታ እየለቀቀ ይመለሳል፣ ይህን ለማስተማር ዓመታት እንለፋለን አለ። አባታችን ጡብ ሲያወርድ ገመቹ ከታች ይቀልብ እንደነበር፣ ጡብን እጅህን አድርቀህ ከተቀበልከው ጣትህን እንደሚሰብርህ ነገርኩት። ሽማግሌው ሳቀ፣ ደስ ብሎት። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፣ እኔም ቃል ሳላጎድል ለገመቹ አስተላለፍኩ፦ «እጁ ስጦታ ነው። እግሩም ከእጁ አያንስም። ክንዱ ይበቃዋል፣ ገና ይጠነክራል። ዱላ ሲይዝ ደካማ ነው፣ እየታጠፈ የሚመጣ ኳስ ያስፈራዋል፤ እሱ ግን የትምህርት ጉዳይ ነው። ለእኔ ስጡኝ፤ ክፍለ ሀገር ወክሎ ይጫወታል። ከዚያም በላይ።»

ገመቹ ጓንቱን አውልቆ ውስጡን ሲያይ ቆየ።

ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለና ሦስታችን፣ ኤቬሊዮ፣ ገመቹና እኔ፣ ከሀገር ቤት ተልኮ የእኛን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጓድ ተጠሪ ቢሮ ገባን። ሰውዬው ሻሂውን እያማሰለ አዳመጠን።

«ይህ ጨዋታ መነሻው የማን ነው?»

ኤቬሊዮ ዋሽቶ አያውቅም። «የአሜሪካኖች ነበር። አሁን እኛ እናሸንፋቸዋለን» አለ።

«እንግዲያው የኢምፔሪያሊስት ጨዋታ ነው።»

«ሚስቴ የምትሰፋበትም መኪና ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ጓድ። ሱሪዬን ስትጠግን ኢምፔሪያሊስት አትሆንም።»

ይህን እየፈራሁ ተረጎምኩ፤ ተጠሪው ግን አልተቆጣም። ወደ ገመቹ ዞሮ ለስለስ ብሎ፣ ያ ነው የጎዳን፣ ለስለስ ብሎ «የኔ ልጅ፣ አንተ ተምረህ ሀገርህን ልታገለግል ነው የተላክኸው። እሺ ይህን ተማርክ እንበል። ነቀምቴ ስትመለስ ከማን ጋር ትጫወታለህ?» አለው።

ኤቬሊዮ ጥያቄውን ስነግረው አሰበበት። «ያስተምራቸዋል» አለ።

«ማንን?»

«ሌሎቹን።»

«ነቀምቴ ለዚህ የሚሆን ሜዳ አላት?» ብሎ ተጠሪው እኔን ጠየቀኝ።

«አላት» አልኩ፣ «ትንሽ ቁልቁለት ናት እንጂ።»

ሳቀ። ተጠሪው ሳቀ፣ ኤቬሊዮም ስተረጉምለት ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ገመቹ ብቻ አልሳቀም። መልሱ ግን «አይሆንም» ነበር። ኤቬሊዮ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ኩባዎቹ ቢሮ ወሰደን፤ እነሱም ልጁ የወንድም ሀገር እንግዳ ነው፣ ቡድኑ ግን የዜጎች ነው፣ የሀገሩን ሰዎች ጠይቁ አሉን። የሀገሩ ሰዎች የኩባን ጠይቁ አሉ። ሽማግሌው በሚያመው ጉልበቱ ሲመላለስ ከርሞ አንድ ቀን ዋናው መሬት እንደገባ ቀረ። ሌላ ልጅ እንዳገኘ ኋላ ሰማሁ፣ ኩባዊ፣ እጁ እንደ ገመቹ ያልሆነ።

አንዳንዴ «እጁ ደረቅ ነው፣ አይሆንም» ቢለን ኖሮ እላለሁ። ገመቹ አልቅሶ ይወጣለት ነበር። መልካም ነህ ተብሎ የሚመለስ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ኳሱን ከመማሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር እያላተመ ይቀልብ ነበር። ከዚያ ያንንም ተወው። ዶሮ እርባታ እንዲማር ተመደበና ተማረ፤ ጥሩ ውጤት አመጣ፤ ስለ ዶሮ ግን አንዴ እንኳ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። በቁመት አደገ፣ ሽማግሌው እንደገመተው። የማንም በር ጎንበስ የሚያሰኘው ሰው ሆነ።

እኔ የነርስነት ትምህርቴ ገና ስለነበር እሱ ብቻውን ወደ ሀገር ተመለሰ። አውሮፕላን ማረፊያ ቆመን «እታለም፣ ያ ሰውዬ ያለውን ድገሚልኝ» አለኝ።

«ስፓኒሽ ከእኔ በላይ ታውቅ የለም እንዴ?»

«በእማዬ ቋንቋ። ምን ብዬ እንደምነግራት ልወቅ።»

ሞከርኩ። እጅህ ስጦታ ነው የሚለው በኦሮምኛ ያምራል። እግሩንም አልኩለት። የሚቆምበት ቦታ፣ ቶርፔዴሮ ላይ ስደርስ ግን ቃል አጣሁ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አጣሁ። ገመቹ ጠበቀኝ። በመጨረሻ «ተይው፣ ቆሜ አሳያታለሁ» አለኝና ሄደ።

አሁን የምጽፍላችሁ ሀቫና ሆኜ ነው፤ ተመርቄ ሆስፒታል እለማመዳለሁ። ባለፈው ሰሞን ስልክ ቤት ሄጄ ነቀምቴ አልኳት ለሠራተኛዋ።

«ኒካራጓ?»

«ነቀምቴ። ኢትዮጵያ።»

«ኒካራጓ ቢሆን ቶሎ ይገኝልሽ ነበር» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ጋሽ ሸምሱ አነሳ፤ ስልክ ያለው እሱ ነው። «በላይነሽ? ቆይ ልጄ፣ እናትሽን ላስጠራ» አለና ድምፁ ወዲያው ወረደ። «ቆይ» አለ እንደገና። ያኔ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም ገባኝ።

እማዬ እያለከለከች መጣች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ምግቤ፣ እንደ ወጉ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ከዚያ «ገመቹን ወሰዱት» አለች።

«ማን? ወዴት?»

«ለብሔራዊ ውትድርና። በገበያ ቀን አፈሳ ነበር። ሥራ ይመደብልሃል ብለውት እየጠበቀ ነበር እኮ፣ የዶሮውን። ቀበሌ ድረስ እየሮጥኩ ተከተልኩት። ተሰልፈው አንድ ሰውዬ ያያቸዋል። ክንዱን ያዝ አደረገው፣ እግሩን አየውና ብቁ ነው አለ። በቃ። ስሙን እንኳ ኋላ ነው የጠየቀው።»

ስልኩ ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ነበር። ወደ ሰሜን ነው የላኩት አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማችም፤ ጎረቤት ሁሉ በርቺ፣ ይመጣል ይላታል፤ እሷም እሺ ትላለች።

«እማዬ...»

«ስሚኝ፣ ኢንታላ ኮ። ያ ሽማግሌ ገመቹን ይፈልገው የነበረው፣ አለ?»

«አለ።»

«አሁንም ይፈልገው እንደሆነ ጠይቂው። የውጭ ሀገር ሰው ከጠየቀ ይሰማሉ። እዚህ ቆሞ አሳይቶኛል፣ እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ጎንበስ ብሎ። ምን እንደሚሠራ ባይገባኝም ገብቶኛል በይው። ይስጡኝ ይበላቸው።»

እጠይቀዋለሁ አልኳት። ኤቬሊዮ ጉልበቱ ብሶበት አልጋ ላይ እንደዋለ፣ እሱን የሚሰማ ቢሮ ያኔም እንዳልነበረ ምን ብዬ ልንገራት?

«ዛሬ ጠይቂው» አለች። «ዛሬ ነው ያልኩሽ፣ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ ስላት መስመሩ ተቆርጦ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሠራተኛዋ በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ጨርሰሽ እንደሆነ ለሚቀጥለው ልልቀቀው አለችኝ።

አልጨረስኩም አልኳት።