«የለም» ማለት የከበዳት መጋረጃ ሰፊ

መጀመሪያ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታስተካክላለች። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ታጥፍና በአውራ ጣቷ ጥፍር ትጫነዋለች፤ ለዚህ ካውያ አታሞቅም። ቀጥሎ ሽንሽኑ ነው። በግራ እጇ ጨርቁን ቆንጥጣ ትይዛለች፣ በቀኟ ስፒል ትሰካለች፣ አራት ጣት ትለካለች፣ እንደገና ትቆነጥጣለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የምታወርደው ስትጨርስ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ከዚያ ጨርቁን ወደ ስፌት መኪናው ታስገባለች፤ መርፌው ሊደርስበት ሲል ስፒሉን ትነቅላለች። ስፒል ላይ የሰፋ ሰው መርፌ ይሰብራል፣ ሥራውም ይቆማል። እሷ አትሰብርም።

ሱሀይር ትባላለች። የመርካቶ ሶማሌ ተራው መጋረጃ ነጋዴ የጋሼ ሽኩር የመጀመሪያ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪም ናት። ዩኒቨርሲቲው በመግቢያ ፈተና ጥቂቶችን ብቻ መርጦ የሚቀበል ነው፤ ክፍያውም የአንድ መጋረጃ ሱቅ አቅም የሚችለው አይደለም። ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ስላለፈች የትምህርቱን ክፍያ ተቋሙ ይችልላታል፤ ውጤቷ ካልወረደና ጥፋት ካልተገኘባት ማለት ነው። ታክሲውን፣ ምሳውን፣ ወረቀቱን ሽንሽኑ ይከፍላል። ላፕቶፑን የገዛችው ክረምቱን ሙሉ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ሰፍታ ነው።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት ግን ከትምህርቷ ልትቀር ነበር። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ የሱቅ ልማድ ነው።

መርካቶ ውስጥ ደንበኛ ዕቃ ሲጠይቅ «የለም» አይባልም። «አለ፣ ይቀመጡ» ይባላል፤ ጎረቤት ሱቅ ተሮጦ ዕቃው ይመጣል፣ ይሸጣል፣ የጎረቤቱ ገንዘብ ይመለስለታል። ነገ ደግሞ ጎረቤትየው ከእናንተ ይወስዳል። ሱሀይር ያደገችው በዚህ ሩጫ መሃል ነው። ስለዚህ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ከሁሉ ቀድማ «አዎ» ትላለች፤ ያልገባትን ከክፍል ስትወጣ ከሌላ ተማሪ ትፈልጋለች። ሌላው ሲጠይቃትም መልሷ ያው «አለ» ነው።

የክፍል ጓደኛዋ እምነት፣ የአማኑኤል ሰፈር ልጅ፣ ይህን ቶሎ ነቃችበት።

«አንቺ ልጅ፣ የሌለሽ ነገር አለ?»

«ጠይቂና እዪው።»

«ባል አለሽ?»

«ተቀመጪ፣ ከጎረቤት ላምጣልሽ!»

አንድ ቀን ግን እምነት እየተርበተበተች መጣች። የማሽን ሥዕል ማስረከቢያው ደርሷል፣ ኮምፒውተሯ አልነሳ ብሏል። «ሱሂ፣ ያንቺን ልየው?» አለች። ሱሀይር ፋይሉን እንዳለ ላከችላት፤ እምነትም ስሙን ቀይራ አስገባችው። ለሱሀይር ይህ ከጎረቤት መደርደሪያ አንድ ጣቃ ጨርቅ እንደማንሳት ነበር።

መምህሩ ዶክተር ይገረም ሁለቱንም አስጠሩ። በሁለቱም ሥዕሎች ላይ አንዲት ቀዳዳ ያለቦታዋ ተቀምጣለች። ስህተት እንዲህ አይገጣጠምም። ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ኩረጃ ነው ከተባለ የክፍያ ድጋፉ ይቋረጣል።

ሱቅ ደርሳ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሼ ሽኩር የያዙትን ጨርቅ አስቀምጠው አሰቡ።

«ሽማግሌ ልላክ? ሐጂ በሽር አሉ፣ አቶ ወልደ ሚካኤልም አሉ። ሁለቱን እምቢ የሚል ሰው አላየሁም።»

«አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ሽማግሌ አይላክም።»

«ታዲያ እዚያ ያሉት ሲጣሉ በምን ይታረቃሉ?»

«በኢሜይል።»

«አልቆልናል በይኛ!»

ሳቁ ግን አልቆየም። ጋሼ ሽኩር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ድጋፉ ከቆመ እኔ አልችለውም» አሏት።

ኮሚቴው ፊት ሱሀይር ሰበብ አልደረደረችም። «እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ አልሰረቀችኝም። እኛ ሰፈር ጨርቅ የጎደለው ሱቅ ከጎረቤት ይሞላል» አለች።

ዶክተር ይገረም አልተቆጡም። «ጎረቤትሽ ጨርቁን ሸጦ ገንዘቡን ይመልስልሻል። ይቺ ምን መለሰችልሽ?» አሏት።

«ምንም። እሷም ምንም አላተረፈችም፤ ነገ ሣዪው ቢሏት አትችልም።»

«ቀዳዳዋስ ለምን እዚያ ተቀመጠች?»

ያችው የለመደችው መልስ አፏ ድረስ መጣች። ዋጠቻት። «አላውቅም። ያ ትምህርት ከመጀመሪያውም አልገባኝም» አለች። ዕድሏ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ይህን መናገር ወኔ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «አውቃለሁ» ማለት ጭራሽ ይብስበታል።

ኮሚቴው ለሁለቱም ዜሮ ሰጠ፣ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። ድጋፉ የሚቀጥለው ዜሮውን የሚያካክስ ውጤት በመጨረሻው ፈተና ካመጣች ብቻ ነው ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን ነው የማደንቀው። ከፊት ወንበር ተቀመጠች። «ገባችሁ?» ሲባል እጇን እያነሳች «እኔ አልገባኝም» ማለት ጀመረች። በመጀመሪያው ሰሞን ከኋላ ይሳቅባት ነበር።

«መርካቶ ዛሬ ዕቃ አልቆበታል!» አለ አንዱ።

«አዎ አልቆብናል። አንተ ጋ ካለ አምጣ» አለችው።

አልነበረውም።

ከእምነት ጋር አልተኳረፉም። እምነት ከሰዓት በኋላ ሱቅ ትመጣለች፤ ጣቃዎቹ መሃል ሁለቱም የየራሳቸውን ወረቀት ይዘው ይሥላሉ። አንዷ የሌላዋን እንዳታይ ሱሀይር የሰፋችው መጋረጃ መሃላቸው ይሰቀላል። ሲጨርሱ ይገልጡትና ሥዕሎቹን ያስተያያሉ፤ ከተለያዩ ማን እንደተሳሳተ እስኪለይ ይጨቃጨቃሉ። ደንበኛ ገብቶ መጋረጃውን ሊዳስስ ሲል ጋሼ ሽኩር «እሱን ይተዉት፣ ፈተና ላይ ነው» ይላሉ።

ፈተናው ሲመጣ ሁለቱም አለፉ። ሱሀይር ከተጠየቀችው በላይ አመጣች፣ ድጋፉም ቀጠለ። አባቷ ሲሰሙ «ሐጂ በሽርን ሳናስቸግር!» አሉ።

ስለ እሷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት የስፌት መኪናውን አላቆመችም።

«ይጻፉ፤ ጉብዝናዬን ግን አያብዙት። ይልቅ አንድ ነገር ያስተላልፉልኝ።»

«ለማን?»

«ለሚያነበው ሁሉ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ያላችሁ፣ ከመመዝገቡ በፊት እሁድ ከሰዓት ሱቃችን ላኩልኝ። ክፍያ የለውም። ያልገባውን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይምጣ፣ እዚህ ሰው ፊት ይናገረው። ‹ሁሉም ገብቶኛል› የሚላችሁን ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እሱን አስቀድሙልኝ።»