የጨመርሁት ዐረፍተ ነገር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው የማኅበራችን ሽማግሌዎች በመጪው እሑድ አለቃ አድርገው ሊሾሙኝ ስለ ቆረጡ ነው። ምክንያታቸው «እንሰታችንን ከእሳት ያዳነ ልጅ ነው» የሚል ነው። አላዳንሁም። አንባቢ ሆይ፣ ሳትቸኩል ስማኝ።

ጣልያን ወልቂጤ በሰፈረበት ዘመን፣ እኛ የቸሃ ዘጠኝ ቤት እንሰት ተካዮች በማኅበር ቃጫ እየሸጥን ሽቦና ማዳመጫ ገዛን። አዲስ አበባ በስልክ ቤት ሠርተው የተመለሱት አቶ ወልዴ፣ ባትሪ የማይሹ ዘጠኝ መቀበያዎች በእንጨት ሣጥን ሠርተው ለየቤቱ አደሉ፤ ከጋጣው ጀርባም ከተሰበረ ካሚዮን በተፈታ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማስተላለፊያ ተከሉ። ቢያዝ የሚያሰቅል ሥራ ነበር። በሚሲዮን ፈረንሳይኛ የተማርሁ እኔ ብቻ ነበርሁና፣ የውጭውን ወሬ አቶ ወልዴ ከአዲስ አበባ ካመጡት ትልቅ ራዲዮ አዳምጬ በጉራግኛ የማሰማው እኔ ነበርሁ።

ወሬው ሲሳሳ ሰው ማዳመጫውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ጀመር። «ዛሬም የፈረንጅ አገር ዝናብ ነው?» እያሉ በገበያ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ልቤ ውስጥ ገባ። አንድ ጠዋት ጠላት በሩቅ አውራጃ የገበሬ ማሳ ማቃጠሉን ሰማሁ። የሰማሁትን አሰማሁ፤ ከዚያም ማንም ያልነገረኝን ጨመርሁ፦ «ቀጥሎ ወደ ቸሃ ይዞራሉ።» እኔ ጨመርሁት። ማን አዘዘኝ? ማንም።

አቶ ወልዴ ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ «ይኸ ከራዲዮው ነው ወይስ ከራስህ?» አሉኝ።

«ከራዲዮው ነው» አልሁ።

እንሰት በቆመበት ከነደደ የሰባት ዓመት ድካም በአንድ ቀን ያልቃል፤ ተፍቆ፣ ቆጮ ሆኖ ጉድጓድ ከገባ ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ሰዉ የደረሰውንም ያልደረሰውንም ይነቅል ጀመር። ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት ወይዘሮ ብርቄ ግን አስቀድመው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የእኔ እንሰቶች ገና የሦስት ዓመት ናቸው። ያልደረሰ እንሰት ውኃ ነው። ሌላ የለኝም። አንተ ንቀይ ካልኸኝ እነቅላለሁ።»

እዚያ ላይ መመለስ እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እፍረቴን ከልጆቻቸው ጉሮሮ አስበልጬ «ይንቀሉ» አልሁ።

ጠላት አልመጣም። ሰዎቹም «የሚያቃጥለው ቢያጣ ቀረ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ምስጋናውን ተቀበልሁ። የወይዘሮ ብርቄ ጉድጓድ ሲከፈት የገባው ሁሉ በስብሶ ነበር። ልጆቻቸውን ይዘው ዘመድ ፍለጋ ወደ ቡታጅራ ወጡ፤ ታናሺቱ መንገድ ላይ ሞተች። ይህን ከአንድ ቃጫ ነጋዴ ሰማሁ፤ ሰምቼም ዝም አልሁ። ልጅነት ነው ልበል? ከዚያ ዕድሜዬ ገና ብዙ አልራቅሁም፤ ዝምታዬም እስከ ዛሬ አብሮኝ ነው። ያስፈራን ጠላት ነው ልበል? በዚያ ጠዋት ያስፈራሁት እኔ ነኝ። ይቅርታውን የምለምነው ወይዘሮ ብርቄን ነው፤ ቢነፍጉኝም ፍርዳቸው ትክክል ነው። ሹመቱን ግን አልቀበልም።

የጠፋው ይህ ነው፦ ከሌሎቹ ስምንት ቤቶች ሁለት መቶ ዘጠኝ እግር ያልደረሰ እንሰት። ከወይዘሮ ብርቄ ጓሮ ሠላሳ አንድ እግር፣ ያላቸው በሙሉ። አንድ የተዘጋ ቤት። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ።