ዳንቴሉን ማን ያድርሰው?

ዘመድ አዝማዱ «እትዬ አፍንጫ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ለቀልድ የተባለው ተጣብቆ ቀረና አሁን እሷም ስትጠራበት ሳታኮርፍ «አቤት» ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ደሙም፣ መግሉም፣ ትውከቱም፣ የሰው ገላ የሚያወጣው ሁሉ በእጇ አልፏል። ይህን ያህል ዘመን ከእድፍ ጋር የኖረች ሴት ምንም አይቀፋትም የሚል ሰው ካለ እሷን አያውቃትም። ማጠቢያ ክፍሉ ሁለት በር ነበረው፤ ቆሻሻው በአንደኛው ይገባል፣ ንጹሑ በሌላኛው ይወጣል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት አይተያዩም። ቆሻሻ ቆሻሻ ነኝ ብሎ ከመጣ ችግር የለባትም። የሚቀፋት ንጹሕ መስሎ የሚመጣው ነው።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ሥራ አገኘች። ባለቤቶቹ ያለፉበት ቤት ሲለቀቅ ወራሾች መጀመሪያ የሚጥሉት ጨርቃ ጨርቁን ነው። የጥልፍ ጠረጴዛ ልብስ፣ ዳር ዳሩ ዳንቴል የሆነ አንሶላ፣ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ የቢጫ መስመር ያወጣ የሕፃን ቀሚስ። እነዚህን ትሰበስብና ትዘፈዝፋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ ትተኩሳለች፣ መስኮት ላይ ሰቅላ ፎቶ አንስታ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ታወጣለች። ለሰባት ቀን ሰው ይጫረታል። ያሸነፈው አድራሻውን ይልካል። ባሏ፣ ጡረተኛ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ካርቶን ቆርጦ ያሽጋል። ሽያጩ እንዲህ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማድረሱ ነው።

ዕቃ አድራሹን የመረጠው ባሏ ነበር። ጨረታው ገጽ ላይ ከተደረደሩት ድርጅቶች የመጀመሪያውን ነካው፣ አለቀ። የሚበር ወፍ ሥዕል አለው፤ ከሥሩ «በሃያ አራት ሰዓት ደጅዎ» ይላል። ሦስት ወር ያህል በዚሁ ቀጠሉ።

ከዚያ የሕፃኑ ቀሚስ መጣ። አንገቱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ዳንቴል ያለው ነጭ ቀሚስ ነው፤ እሱን ለማንጻት ብቻ አስራ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። ሌላ ከተማ የምትኖር ጡረተኛ የስፌት አስተማሪ ከአንድ ግትር ተጫራች ጋር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተፋልማ አሸነፈች። በሳምንቱ መልእክቷ ደረሰ፤ «እህቴ፣ ስድብ አይሁንብኝ። ቀሚሱን ከደጅ ማሳለፍ አልቻልኩም። ሳልከፍተው መልሼዋለሁ።»

ካርቶኑ ተመልሶ ሲመጣ ገና ከበሩ ውጪ ሳለ አወቀችው።

«ይሄ ነገር ዓሣ ላይ ተኝቷል» አለች።

ባሏ አገላብጦ አየው። «ኧረ ደረቅ ነው።»

«ደርቆ ነዋ የሚከረፋው!»

ግቢው ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋ ከፈተችው። የካርቶኑ አንድ ማዕዘን ርሶ ደርቆ ተኮማትሯል። ባሏ በቀይ «ተጠንቅቀው ይያዙ» ብሎ የጻፈበት ላይ የጫማ ተረከዝ ታትሟል። ይህስ ይሁን። ባሏ የሚያሽግበት ስኮች ነጭ ነበር፤ ይሄኛው ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አጫጭር የሰው ፀጉር ተጣብቋል። አንድ ሰው ከፍቶታል፣ አይቶታል፣ መልሶ ለጥፎታል። ዳንቴሉ ላይ በቅባት ጣት የተነካ ቢጫ ነጥብ፣ እጥፋቱ ውስጥ የሲጋራ አመድ አገኘች። ቋቅ አላት።

«በረኪና ያነሳዋል» አለ ባሏ ሊያጽናናት።

«የቀሚሱንስ ያነሳልኛል። የሰዎቹን ምን ያነሳልኛል?»

ቀሚሱን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ሦስተኛውን ስታሰጣ ዞር ብላ «ከእንግዲህ የዋጋ ዝርዝር አይቼ ዕቃዬን ለማንም አልሰጥም። ቤታቸውን ሄጄ አያለሁ» አለች።

«ምን ብለሽ ልትገቢ ነው? አሽትቼ ልመለስ ልትዪ?»

«አዎ።»

የባለወፉ ድርጅት ፊት ለፊቱ መስታወት ነው። የላስቲክ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው ሥር ሎሚ ሎሚ የሚሸት ነገር በየደቂቃው ጢስስ የሚያደርግ ዕቃ። እትዬ አፍንጫ እንዲህ ያለ ክፍል አትወድም፤ ሰው ያለምክንያት ሎሚ አይነሰንስም። ከጠረጴዛው ጀርባ ለተቀመጠችው ልጅ ሽንት ቤት እንደምትፈልግ ነገረቻት።

«ከኋላ ነው እማማ፣ ግን ለደንበኛ አይፈቀድም።»

«ልጄ፣ ስድሳ ያለፈኝ ሴት ነኝ። አበባሽ ሥር ልሽና?»

ልጅቷ በሩን ከፈተችላት።

ከበሩ ወዲያ ሎሚው አለቀ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ የዓሣ ሳጥኖች ከሰው ካርቶን በላይ ተደርድረው ቁልቁል ይንጠባጠባሉ። ሠራተኞቹ ዕቃውን እንደ ኳስ ይቀባበላሉ፤ ያልተቀለበው መሬት ይወድቃል፣ የወደቀው በእግር ይገፋል። አንዱ «ተሰባሪ» የሚል ሳጥን ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላና ጣቶቹን አጠገቡ ባለው ካርቶን ጎን ይጠርጋል። ካርቶኑ ላይ የቀደመ ቀን ምሳም አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለችው እንኳ ለቅማለች፤ እነዚህ የሚለቅሙም አይደሉም።

ጥግ ላይ ሳቅ ሰማች። ሁለት ሰዎች የአንዲት ሴት ዕቃ ከፍተዋል። አንደኛው፣ ጎልማሳ ነው፣ ሽበት ጀምሮታል፣ ከውስጡ ያወጣውን የጡት መያዣ በቱታው ላይ ታጥቆ ወገቡን ያወዛውዛል። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ሳጥኑ ላይ አድራሻው በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በጥንቃቄ፣ ፊደሉ እኩል እኩል ሆኖ ተጽፏል። ያችኛዋ ሴት ቁጭ ብላ ስትጽፈው ታየቻት።

«አውልቅ!» አለች።

ሰውየው ማን እንደሆነች ሳያውቅ አወለቀ።

«ቀልድ ነው እኮ እማማ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው የውስጥ ልብስ አጥቤአለሁ። የሞተ ሰው ሳይቀር። አንድ ቀን አንስቼ አልሳቅሁበትም። አምጣ!»

ከእጁ ተቀብላ አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

ሥራ አስኪያጁ ሽቶው ቀድሞት መጣ። የሆነውን ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ አይቷል። «በጣም ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ ሠራተኛ ጎድሎብን ነው። ለተፈጠረው መጉላላት ቀጣዮቹን ሦስት ዕቃዎች በነጻ እናደርስልዎታለን» አለና ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እጁን ዓይታ፣ ፊቱን ዓይታ፣ ሳትጨብጠው ወጣች።

ቤት እንደገባች ለባሏ «የቀፈፈኝ የዓሣው ግማት አይደለም» አለችው። «ያ ሰውዬ በዚያ ሁሉ መሃል ሽቶ ተቀብቶ መዋሉ ነው። ደግሞ በነጻ ይለኛል! መርዙን ስኳር ጨምሬልሻለሁ እንደማለት።»

ሁለተኛው ድርጅት መጋዘኑን ራሱ አስጎበኛት። ወለሉ ነጭ፣ መደርደሪያው ቁጥር በቁጥር፣ ሽታ የሚባል የለም። ዓሣ አይጭኑም፤ ዕቃውን ሹፌሩ ከቤት መጥቶ ይረከባል። ግድግዳው ላይ ጣቷን አሸችና አየችው፤ አቧራ እንኳ የለም። ውል ፈረመች። ፖስታ ቤትም አስባ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ቤት ድረስ አይመጣም፣ የባሏ ወገብ ደግሞ ካርቶን ተሸክሞ ወረፋ አይቆምም።

በማግስቱ ሹፌሩ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ሲራመድ አይራመድም፣ ይሮጣል። የሕፃኑን ቀሚስ ጨምሮ አራት ካርቶን ተቀበላት። እስከ መኪናው ተከትላው ወጣችና ወደ ውስጥ አየች። ሸራ ተነጥፏል፣ ዕቃው በመስመር ቆሟል፣ መስታወቱ ለብቻ ታስሯል። ልቧ ረካ። ዞር ልትል ስትል አፍንጫዋ ያዛት።

የሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ አለ። ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል። ውስጡ ያለው ቢጫ ነገር ግን ውሃ አይደለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። በጨርቅ ሊሸፍነው እጁን ሰደደ፣ ዘገየ።

«ዕቃዬን አውርድ!»

ካርቶኖቹን ማውረድ ጀመረ። ሁለተኛው ካርቶን ላይ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ቀይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል።

«እናቴ፣ ለድርጅቱ እንዳይነግሩብኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«እንደ ሰው ሽንት ቤት አትገባም?»

«መቼ?» ስልኩን አሳያት። «ለአንድ ደጅ አራት ደቂቃ ነው። መንገዱም በደቂቃ ተቆጥሯል። ያለቦታው ከቆምኩ ቀይ ያበራል፤ በሳምንት ሦስት ቀይ ካለብኝ በሚቀጥለው ሥራ የለኝም።»

ካርቶኖቹን ደጃፉ ላይ ደርድሮ ሄደ።

እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ገና እየታጠበች ለባሏ ጮክ ብላ ተረከችለት፤ አብሯት «ኤጭ!» እንዲል ነው። ባሏ ስኮቹን ቆርጦ የካርቶኑን ክዳን ለጠፈ።

«አይቀፍህም?»

«እኔም እይዝ ነበር።»

«ምን?»

«ጠርሙስ። ሃያ ሁለት ዓመት።» ቀና ብሎ አላያትም። «መጨረሻው ፌርማታ ሽንት ቤት አልነበረውም። መንገደኛ አስቁሜ የት ልሂድ?»

«ውሸትህን ነው። እኔ ሳላሸት?»

«ቤት ሳልገባ በበረኪና እታጠብ ነበር። በረኪና ስሸት ደግሞ አንቺ የራስሽ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት፣ እውነት ለመናገር፣ መጸየፍ ነው። በዚያ እጅ ዳቦ ቆርሶ አጉርሷታል። ከዚያ ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ፣ ከሚስቱ ተደብቆ፣ ቧንቧ ሥር ቆሞ እጁን ሲፈትግ ታያት። ዕድሜዋን ሙሉ አንሶላ ያበላሸ በሽተኛ ቀፏት አያውቅም። የሚቀፋት የነበረው በሽተኛውን እስከ ቀትር በዚያው አንሶላ ላይ የምታስተኛው የክፍሉ አለቃ ነበረች። ዛሬ ግን ደጇ ላይ በሽተኛውን ሰድባ አለቃውን ረስታ መግባቷ ነው።

«ያ ነጭ ወለል» አለች በመጨረሻ። «ሰውየውን ጠርሙስ ውስጥ ከትተው ነዋ ወለሉን ነጭ ያደረጉት። ከባለዓሣው የባሱ ርኩሶች!»

«እና ለማን ልንሰጥ ነው?»

አሰበችበት። ቀሚሱ መድረስ አለበት፣ አስተማሪዋ ትጠብቃለች። አንደኛው ዕቃውን ያቆሽሻል፤ ሁለተኛው ሰውየውን። ከሁለት ጥንብ መምረጥ ምርጫ አይባልም፤ ሆኖም መኪናውን እንደዚያ አስተካክሎ የያዘው ድርጅቱ ሳይሆን ሰውየው መሆኑን በዓይኗ አይታለች።

ባሏ ሰዓቱን አወጣ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ደቂቃ ማስላት ያውቃል። መመዘን፣ አድራሻ መለጠፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መፈረም፣ አራቱ ደቂቃ የሚሄደው እዚያ ነው። ሁለቱ አስቀድመው መዘኑ፣ ለጠፉ፣ ካርቶኖቹን በሩ ሥር በመስመር ደረደሩ። ሲሞክሩት ርክክቡ ሃምሳ ሰከንድ ወሰደ።

ሹፌሩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጣ አጎንብሶ፣ ዓይኗን ሳያይ ነው የመጣው። ፈረመች። ካርቶኑን ሊያነሳ ሲል ባሏ ክንዱን ያዘው።

«ልጄ፣ እኔም ሹፌር ነበርኩ። ጠርሙሱን አውቀዋለሁ። ሽንት ቤቱ እዚያ በስተግራ ነው፤ እኔ እጭንልሃለሁ።»

ሰውየው መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ግባ እንጂ!» አለች፣ ፊቷ አሁንም እንደተኮሳተረ። «ሦስት ደቂቃህን ቆመህ ልትጨርሳት ነው? ስትወጣ እጅህን በሳሙና። የጣትህን መሃል መሃል።»

ገባ። ሲወጣ እጁ እስከ አንጓው እርጥብ ነበር፤ አፉን ሊከፍት ሲል «ሂድ፣ ይቆጥርብሃል» ብላ አባረረችው። እሱ እንደሄደ መጥረጊያና በረኪና ይዛ ገብታ እያጉረመረመች ፈተገችው። ስድቡ ለማን እንደነበር ባሏ ገብቶታልና አልጠየቃትም።

ሹፌሩ በሚመጣባቸው ማክሰኞና ዓርብ እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ቀሚሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ አስተማሪዋ «ሳሙና ብቻ ይሸታል። የልጅ ልጄ ለብሳው ፎቶ እልክልሻለሁ» ብላ ጻፈች። ለባለወፉ ድርጅት የላከችው የሁለት ገጽ አቤቱታ ግን «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ሁለት ጊዜ አመጣላት፤ ያው ራሱ፣ ቃል በቃል።

በሁለተኛው ወር ከባለነጭ ወለሉ ድርጅት ደግሞ መልእክት መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ በአድራሻዎ የርክክብ ጊዜ ሁልጊዜ አራት ደቂቃ ሙሉ እየወሰደ ነው። ሌሎች ደንበኞች በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅባቸዋል። እባክዎ ሠራተኛችን እንዳይዘገይ ይተባበሩን።»

ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስልኩን በሁለት ጣት ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ጣቶቹንም በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ መልሳ አነሳችና ደወለች።

«አዎ፣ ደርሶኛል» አለች ላነሳው ድምፅ። «አሮጊት ነኝ ልጄ። ቤቴ ደረጃ አለው፣ ጉልበቴ አይታዘዝም። ቀስ ብዬ ነው የምወርደው። ሠራተኛችሁ ምን ያድርግ? ቆሞ ይጠብቀኛል። አራቱን ደቂቃ ጻፉልኝ። እንዲያውም አምስት ብትሉት ደስ ይለኛል።»

ዘጋችው። ባሏ ከካርቶኖቹ መሃል ቀና አለ።

«ደረጃ የት አለን?»

«ለነሱ አለን» አለችና ሳሙናው አልቆ እንደሆነ ለማየት ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ቀኑ ዓርብ ነበር።