ወይራውን ሲያንኳኩ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀበሌ ጠባቂዎች በራችንን መቱ። ጓደኞቼ ሲታሰሩ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሸሽቼ፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ ጀርባ አያቴ ቤት ከተጠለልኩ ገና ሳምንቴ ነበር።

አያቴ አናጺ ነበሩ፤ ለራሳቸው ደስታ ደግሞ ትንንሽ የእንጨት መርከቦች ይሠሩ ነበር። ለመርከቡ ጎድን የሚሆን ወይራ ሲመርጡ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው በጣታቸው ያንኳኩታል። ድምፁ ጥርት ካላለ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነውና ይጥሉታል። «ዓይን ይቸኩላል፤ አድምጪው» ይሉኝ ነበር።

በሩ ሲመታ፣ ኮላ የቀቡትን ጎድን ከመርከቡ አከርካሪ ላይ ገጥመው «ያዢ፤ እንዳትለቂ» አሉኝ። እጄን በእጃቸው ሸፈኑት።

«አባባ፣ በዚህ ሐይቁን ሊሻገሩ ነው?» አለ ከገቡት ጠባቂዎች አንዱ።

«አንተ ትከብደዋለህ» አሉት።

ሳቀ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረ። «ተማሪዋ ይህች ናት?»

«ረዳቴ ናት። አሁን ከለቀቀች የወር ሥራዬ ይፈርሳል። ጥያቄ ካለህ እኔ አለሁ።»

እሳቸውን ይዘው ሄዱ። አያቴ አልተመለሱም፤ አስከሬናቸውም አልተሰጠንም። እኔን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ዛሬም በር ሲንኳኳ እጄ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

በተወሰዱ በማግስቱ ጠዋት በርጩማቸው ባዶ ነበር። የያዝኩት ጎድን ተጣብቆ ደርቋል። ከቀሩት ወይራዎች አንዱን አንስቼ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ አንኳኳሁ። ልቤ በኃይል ስለሚመታ ድምፁን አልሰማሁትም። ትንሽ ቆይቼ እንደገና አንኳኳሁ።