አገልግሉና እንስራው

ከትልቁ ጥድ ላይ ወፎቹ ባንዴ ተነሡ። ድምፁ ገና ጆሮዬ አልገባም፤ ልጆቹ ዥዋዥዌው ላይ ይስቃሉ፤ ልጄ መክሊት ምንጩ አጠገብ ቆማ የተተከለውን ሰሌዳ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። እኔ ግን እጇን ያዝኩ። ወፎች እንደዚያ ሲነሡ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ እዚሁ ጥድ ሥር፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ። ወዲያው ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ ተኩሱ መጣ።

"ዝቅ በሉ! ወደ ካቡ ጥግ!" አሉ የመናፈሻው ዘበኛ፣ አዛውንቱ።

መክሊትን አቅፌ ከአሮጌው የድንጋይ ካብ ሥር ተደፋሁ። ፊቴ ድንጋዩን ሲነካው የረጠበ ድንጋይና የጥድ ፍሬ ሸተተኝ፤ ያው የድሮው ሽታ። ጥይቱ ከላይ እየጮኸ እኔ ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ።

ያኔ ይህ ቦታ መናፈሻ አልተባለም፤ አግዳሚ ወንበር የለው፣ ሸርተቴ የለው፤ ውኃ መቅጃችን ነበር። ሰሌዳው ጥንት ነገሥታት የሰፈሩበት ነው፣ ካቡንም ያስካቡት እነሱ ናቸው ይላል፤ ይሁን፣ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ከሰሌዳ ጋር ምን ያከራክረኛል። እኛ ግን የምናውቀው የወረፋችን ቦታ መሆኑን ነው። ምንጩ በበጋ እንደ ፈትል ስለሚቀጥን፣ ማልዳ የመጣች ሁሉ ካቡ ላይ ድንጋይዋን በተራዋ አስቀምጣ ትጫወታለች፤ የማን ድንጋይ የቷ እንደሆነች ማንም አይስታትም። የእኔ ጠፍጣፋ ጥቁር ነበረች፤ የጓደኛዬ የእናኑ እንቁላል የመሰለች ነጭ፣ ከወንዝ ወርዳ መርጣ ያመጣቻት። እናኑ ወረፋው እስኪደርስ የሰፈሩን ሴቶች አካሄድ እያስመሰለች በሳቅ ትገድለን ነበር፤ የእናቴን አካሄድ ስትሄድማ ራሴ ስቄ የቀዳሁትን ደፍቻለሁ። በእንስራዋ ብቻ አትቀልድም። እናቷ ሞታ የምታሳድጋት እንጀራ እናቷ ነበረች፤ የሴትየዋ ዱላ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው።

ወፎቹ የተነሡ ቀን ጦርነቱ ከተማው ጫፍ ደርሶ ነበር። እንስራችንን ጥለን ሮጥን። ኮሶው ዛፍ ዘንድ ስንደርስ እናኑ ቀጥ አለች።

"እንስራዬ!" አለች።

ተይው አላልኳትም። "እውነትሽን ነው፤ ከተሰበረ እኮ ትገድልሻለች" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ጥይትን አናውቀውም፣ ያንን ዱላ ግን እናውቀዋለን። ተመልሳ ሮጠች።

እንስራው ሳይሰነጠቅ፣ ውኃ እንደሞላ ተገኘ። እሷን በጋቢ ሸፍነው አመጧት። ክፉ ናት ስንላት የኖርናት ሴት እንስራውን ደጃፏ ላይ አውጥታ በድንጋይ ስትከሰክሰው አይቻለሁ፤ ስብርባሪው ላይ ተቀምጣ የእናኑን ስም ስትጠራም። እኔ ያልኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ነጯ ድንጋይ ከካቡ ላይ የሚያነሣት ጠፍቶ እስከ ክረምት ቆየች፤ ወረፋው እሷ ዘንድ ሲደርስ አንድ ቅል ውኃ መሬት ላይ እናፈስላት ነበር፤ የእናኑ ተራ ነው ብለን።

ተኩሱ ጋብ አለ። "አሁን! በላይኛው በር! ወደኋላ እንዳታዩ!" አሉ ዘበኛው። የመክሊትን እጅ ይዤ ሮጥኩ። ኮሶው ዛፍ ዘንድ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ። አገልግሉ! ክፍሏን ስላለፈች ላዝናናት ብዬ ቅቅል ድንችና ዳቦ ይዤበት የመጣሁት፣ ከጎረቤቴ ከእትዬ ብርቄ የተዋስኩት፣ የእናታቸው ማስታወሻ፤ ሲሰጡኝ እንኳ ሦስቴ "አደራሽን" ብለውኛል። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ? የልጄን እጅ ለቀቅኩት።

መክሊት የቀሚሴን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። "እማዬ፣ ተይው!"

"የሰው ዕቃ ነው ልጄ፣ አንዴ ብቻ..."

"ተይው አልኩሽ! እትዬ ብርቄን እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ እኔን ይምቱኝ!"

እንደ ግልገል ወደ በሩ ጎተተችኝ፤ ተጎተትኩላት። እኔ ያኔ ያጣሁትን ቃል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከየት አመጣችው?

እትዬ ብርቄ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። አፌን ሳልከፍት መክሊትን ሳቧትና ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን ዳበሱ። "አገልግሉ..." አልኳቸው። "ዝም በይ አንቺ!" አሉኝና አለቀሱ።

ምንጩ ዛሬ በቧንቧ ነው የሚወርደው፤ ወረፋ የለም፣ ነጯም ድንጋይ የለችም፤ ካቡ ሥር ተደፍቼ በጣቴ ፈልጌያታለሁ። ልጄም ከእንግዲህ ያን ጥድ ስታይ የሚታወሳት የዛሬው ነው፤ የእናኑንም ጨዋታ ልነግራት ነበር ይዣት የሄድኩት።

በሩን ቀርቅሬያለሁ። መክሊት ጭኔ ላይ ተኝታለች። ቤታችን ገብተናል፤ ደህና ነን።