ባሕሩን ሳላይ አልሞትም

ባሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። የተበላሸ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አሃ! ሽቦው ነው» ካለ አለቀ፣ ሽቦው ነው። ለሬዲዮ እንዲህ የተከፈተ ጆሮ እኔ ስጠራው ለምን እንደሚደፈን ግን ፈጣሪ ይወቅ።

የተዋወቅነውም በሬዲዮ ነው። የአባቴን ሬዲዮ ላሠራ ሱቁ ሄጄ፣ ቁልፉን ሲያዞር ድንገት የመርከብ ጡሩምባ ቤቱን ሞላው። የትልቋ የወደብ ከተማ ጣቢያ ፕሮግራሙን የሚከፍተው እንደዚያ ነበር። ጋዜጠኛው ስለ ጥንታዊው ግንብ፣ ስለ ባሕሩ ዳር መንገድ፣ ስለ ዓሣ ገበያው ጫጫታ አወራ። እኔም ልጅነት አይደል፣ «ወይኔ! ይኼን ባሕርማ ሳላይ አልሞትም!» አልኩ። «እኔ አሳይሻለሁ» አለኝ። በዚሁ ተጋባን ማለት ይቻላል።

ከዚያማ ልጅ መጣ፣ ቤት መሥራት መጣ፤ ኑሮ መቼ ፋታ ይሰጣል! ባሕሩ ግን ከአፌ አልጠፋም። እሱም የከተማዋን ካርታ ገዝቶ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ለጠፈ። የት እንደምናድር፣ በየትኛው በር ወደ ግንቡ እንደምንገባ ሳይቀር ወስኖ ጨርሷል።

አምና ልቤን አመመኝና ሆስፒታል ተኛሁ። ስወጣ ሐኪሟ «አሁን ደህና ነዎት፣ እንደ ልብዎ ይሂዱ» አለችኝ። ትልቋ ልጃችንም «አሁን ካልሄዳችሁ መቼ ልትሄዱ ነው?» ብላ የመንገድ ጫማ ገዛችልኝ። ሰውዬው ግን ተለወጠ። አንዴ «ክረምቱ ይውጣ»፣ አንዴ «የሰው ሬዲዮ አለብኝ»፣ አንዴ «ወገቤን»። አንድ ቀን ሱቅ ብገባ ካርታው የለም፤ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ኋላ ወሽቆታል።

ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! ከእኔ ጋር መሄድ አሳፈረህ? ወይስ መንገድ ላይ ትወድቅብኛለች ብለህ ነው?»

የያዘውን ሬዲዮ ወደ ጆሮው ወሰደ። ነጠቅሁት።

«ተናገር እንጂ!»

«የተኛሽ ጊዜ» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ‹ሳላይ አልሞትም ብላለች፤ ገና ባሕሩን አላየችም፤ አትሞትም› እላለሁ። ደግሞም አልሞትሽም።»

«እና?»

«እና ካየሽውስ?»

ሳቄ መጣ። «አንተ ጅል፣ ለወሬ ያህል ያልኩትን!» ልለው አፌን ስከፍት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለካ ይኼ ሰውዬ በአንዲት የአፌ ቃል ነፍሴን አንጠልጥሎ ይዟት ኖሯል። አንጀቴን በላው።

አጠገቡ ተቀምጬ ሬዲዮውን መለስኩለት።

«ስማኝ ጆሮዬ፣ አንዴ አይቼ የምጠግብ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አዲስ ቃል ልስጥህ። ያን ባሕር እስኪሰለቸኝ ሳላየው አልሞትም።»

ሬዲዮውን ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ቶሎ ይሰለችሻል?»

«አንተን እስከ ዛሬ አይቼ ያልሰለቸሁ፣ ባሕር ይሰለቸኛል?»

ተነስቶ ካርታውን ከመደርደሪያው ኋላ ጎትቶ አወጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«አውቶቡስ ላይ በመስኮቱ በኩል አንቺ ትቀመጫለሽ» አለ።