ቅጠል ልናይ የወጣን ዕለት

ጃብር ቀፎውን ከዛፍ ሲያወርድ ያየሁ ጊዜ ነው አገር እንደሌለኝ የገባኝ።

ጃብር ጎረቤታችን ነበር። የበርታ ብሔር ሰው ነው፣ ንብ የሚያረባ። ከደጃችን ካለው ዋንዛ ላይ የቀርከሃ ቀፎዎቹን ይሰቅላል። ዛፉ የእኛ፣ ንቡ የእሱ፣ ማር ሲቆረጥ ደግሞ አንድ ቅል ለእኛ። ባሌ በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፣ ባሌን ወባ ከወሰደው በኋላም አልቀረም። ማር የሚቆረጠው ኅዳር ሲያልቅ ነው። የዚያን ጠዋት ግን ገና አበባው አላለቀም፣ ከብት ላወጣ ብቅ ብል ጃብር ዛፉ ላይ ነው። የቀፎውን አፍ በሳር ወትፎ፣ ንቡን ከነነፍሱ፣ ማሩን ከነእንጀራው በጠፍር እያወረደ። ሙሉ ቀፎ ሳይቆረጥ አይወርድም። እኔ በዕድሜዬ ሲወርድ አላየሁም።

«ጃብር፣ ምነው? ሌባ መጣ?» አልኩት።

ወርዶ ቀፎውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመ። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚለው፤ ስንት ዓመት ስቄበታለሁ። ያን ቀን አላሳቀኝም።

«ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንተ ዛሬ እዚህ አትውል» አለኝ። «ልጅህን ያዝ፣ ሂድ። በመኪና መንገድ አይደለም። በቀርከሃው ሂድ።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«ስም አላውቅም። ወላሂ አላውቅም። እኔንም አይወድም። ሂድ ብቻ።»

ይህን የምጽፈው ከመንደራችን ለተበተናችሁት ነው። ወሎ ለተመለሳችሁት፣ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ለተሻገራችሁት፣ እዚሁ አሶሳ በየሰው ግቢ ለተጠጋችሁት። መንደራችን እንደምታውቁት ስም የላትም፤ ደርግ ሲያሰፍረን ቁጥር ሰጥቶን ነው የሄደው። እኔ ከወሎ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። እንግዲህ ሰው በአንድ ዕድሜው ስንት ጊዜ ይሰደዳል? ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው። የተጣመመውን ፊደል ልጄ ሰዓዳ ታቃናልኛለች፣ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ ብያታለሁ።

ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ ሰዓዳና እህቴ ኸዲጃ። ኸዲጃ ታላቄ ናት፤ ከባሏ ተፋታ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። የጣድኩትን ገንፎ እሳት ላይ እንዳለ ተውኩት። አሁንም አንዳንዴ ድንገት «አረረብኝ» እላለሁ፤ ቤቱ ራሱ ያረረበት ሰው።

ቀርከሃ ውስጥ ስንሄድ ልማድ አለን፤ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን ሌላው አገር ስለሌለ ለማያውቁት ልንገር። ቀርከሃ ሰውን ይውጣል፣ ሁለት ክንድ ርቀህ አትታይም። ስለዚህ በሰልፍ ይኬዳል፣ የመጨረሻው ሰው «አለሁ» እያለ ይከተላል። የፊተኛው ወደ ኋላ አይዞርም። «አለሁ» የሚለው ድምፅ ከጠፋ ያን ጊዜ ይቆማል። ያን ቀን ግን ድምፅ ማውጣት አይቻልም ነበር። ከመንደሩ በኩል ጩኸት ይሰማል። ኸዲጃ «እኔ ከኋላ ልሁን፣ ኮቴዬን ስሚ» አለችኝ። የወደቀ የቀርከሃ ቅጠል ወረቀት ማለት ነው፣ ሲረገጥ ይናገራል። ሰዓዳን ከፊቴ አድርጌ፣ ኮቴዋን ከኋላዬ እየሰማሁ ሄድኩ። ቸኮልን፣ ቸኮለች። ቆምን፣ ቆመች።

ፀሐይ ከአናት ስትደርስ የባምባሲ መንገድ ላይ ወጣን። ዞር ብል ማንም የለም፤ ኸዲጃ አልወጣችም።

ኮቴውን እስከ መንገዱ ዳር ሰምቻለሁ። የማን እንደነበር አላውቅም።

በመንገዱ ሲያልፍ የጫነን መኪና አሶሳ አወረደን። ቀበሌ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ሳይል «መታወቂያ» አለኝ።

«ተቃጠለ።»

«መቃጠሉን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌሽ አምጪ።»

«ቀበሌውም ተቃጥሏል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሊቀመንበሩስ?»

«ያው ከኋላዬ ወረፋ ይዟል። እሱም መታወቂያ ሊያወጣ ነው።»

ልጁ አንገቱን አስግጎ አየ። ሊቀመንበራችን ከነአንድ እግር ጫማው ሰላምታ ሰጠው። ከዚያ በኋላ እሺ ብሎ መዘገበን፣ ምናልባት ሳቁን ለመደበቅ።

ቤት የተከራየሁት ከባምባሲ ሴት ነው፤ ሰው አዴ ጫልቱ ይላታል። በር ላይ ቆማ «ስንት ናችሁ?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«አሁን ሁለት ናችሁ። ተፈናቃይ ሲገባ ሁለት ነው፣ ሲያድር አሥራ ሁለት ይሆናል።»

«የሚመጣብኝ የለም፣ አዴ።»

ቁልፉን ሰጠችኝ። «ግድግዳዬ ላይ ሚስማር እንዳትመቺ» አለች።

«የምሰቅለው ምን አለኝ?»

እንደዚህ ተቀመጥን። አሶሳ መጥፎ አገር አይደለም፣ ማንጎ ሞልቷል፣ መብራት አለ። ግን ሰዉ በር ያንኳኳል። እኛ መንደር ሰው ሲመጣ ከአጥር ውጭ ያስላል፣ በሳሉ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እዚህ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳላውቅ እነሳለሁ፤ ግድግዳው ሚስማር አይመታበትም፣ በሩ ግን ይመታል። ሙቀቱም ከእኛ ይብሳል። እኛ ከወንዙ ማታ ማታ የሚነሳ ንፋስ ነበረን፣ እዚህ ቆርቆሮው ነው የሚተነፍስብን።

ሥራዬ ለመምህራን ልብስ ማጠብ ነው። ከየአገሩ ተመድበው የመጡ ልጆች ናቸው። ከሁሉ የምቀርባት ሰላም የምትባል የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ሰዓዳን ሒሳብ ታስጠናታለች። ታኅሣሥ ገብቶ አንድ ቀን ልብስ ልትወስድ መጥታ፣

«እትዬ ፋጡማ፣ ቅዳሜ ሃይኪንግ አለን» አለችኝ። «ሩቅ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ድረስ ነው፤ ለምሳ እንመለሳለን። ቅጠሉ ቀልቷል። ሰዓዳን እንውሰዳት?»

«ምን ልትለቅሙ?»

«ምንም። ልናይ ነው።»

«ቅጠሉን?»

«ቅጠሉን።»

ከጓሮ ሆና የምትሰማው አዴ ጫልቱ የምታሰጣውን ልብስ ጥላ መጣች። «ፍየል እንኳ ቅጠል የምታየው ልትበላው ነው» አለች። ሰላም እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እኛ ግን አባሎ የሚባለው ዛፍ ሲቀላ፣ ወይባ የሚባለው ቢጫ ሲሆን የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳሩ ደርቋል፣ ዱሩ ይሰማል፣ የሚሄድ ሁሉ ይሰማል።

«አትሄድም» አልኩ።

ማታ ሰዓዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ቆይታ «እማ» አለችኝ፤ «ትምህርት ቤት ስሄድ ትከተይኛለሽ። ውሃ ስቀዳ ትከተይኛለሽ። ልጆቹ ጠባቂሽ መጣች ይሉኛል። እዚህ መኖር አልችልም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የትም ቢሆን እሄዳለሁ፣ አድራሻም አልነግርሽም።»

የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት። ዱር እንዳይወስድብኝ ስይዛት እጄ ራሱ ሊያስሸሻት ሆነ። ስለዚህ ጠዋት «ሂጂ፣ ግን እኔም እሄዳለሁ» አልኳት። አየችኝና «በዚያ ጫማ?» አለች። ኮንጎ ጫማ ነው ያለኝ። በእሱ ነው ከመንደር የመጣሁት፣ ኮረብታ ያቅተዋል?

ቅዳሜ በባጃጅ እስከ ከተማው ጫፍ ሄድን። መምህራኑ ስድስት ይሆናሉ፣ ኮፍያ አድርገው፣ ውሃ ይዘው። ዳዊት የሚባል የጎጃም ልጅ የመጨረሻ ሆነ፣ ሽቦ ጆሮው ውስጥ ሰክቷል። መንገዱ ልስልስ ነው፣ ከብት የሚሄድበት። አባሎው እውነትም ቀልቶ ነበር። ልጆቹ በየዛፉ ሥር እየቆሙ ሴልፊ ይነሳሉ፤ ቀይ ቅጠል ጸጉራቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

«እትዬ፣ አያምርም?» ትለኛለች ሰላም።

«ያምራል» እላለሁ። እኔ የማየው ከዛፉ ኋላ ነው።

ስንመለስ በሌላ በኩል እንውረድ ተባለ። በዚያ በኩል ትንሽ የቀርከሃ ጫካ አለ፤ ማንም አልነገረኝም። ገባን። ፊተኞቹ እየሳቁ ርቀው ሄዱ። ሰዓዳ ከፊቴ ናት። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስቸኩል ይቸኩላል። ስቆም ይቆማል።

እንደ ልማዳችን «አለሁ በል» አልኩ፣ ሳልዞር። መልስ የለም።

ደግሜ «አለሁ በል» አልኩ። የለም።

የመንደራችን ሰው ቢሆን ሕፃን እንኳ ይመልሳል። የማይመልስ ኮቴ ደግሞ የሰው ወዳጅ አይደለም። ሰዓዳን በክንዷ ያዝኩና ከመንገዱ ወጥቼ ወደ ቀርከሃው ገባሁ። ጎትቻት ሮጥኩ፣ ቅጠሉ እየጮኸብን። ተዳፋት ላይ ወደቅን፣ እዚያው ላይዋ ላይ ተኛሁባት፣ አፏን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ጥሪው ጀመረ። «እትዬ ፋጡማ! ሰዓዳ!» አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን። ሰዓዳ ታገለችኝ። አልለቀቅኳትም። ጥሪው ራቀ፣ ጠፋ።

እጄን ሳነሳ ጥርሷ መዳፌ ላይ ታትሟል። ቁጭ አለች።

«ዳዊት እኮ ነበር ከኋላችን» አለች። «ጆሮው ላይ ሙዚቃ ነበር። ስማችንን እየጠሩ ነበር፣ እማ። ሊገድል የመጣ ሰው እትዬ ፋጡማ ብሎ ይጣራል?»

«ይጣራል» አልኳት።

የዚያን ቀን ከመንደሩ በኩል የሰማሁት ጩኸት ምን እንደሚል ነግሬያት አላውቅም ነበር። በየደጁ ስም እየጠሩ ነበር። የእኔንም ጠርተዋል።  ሰዓዳ ቅጠል ከጸጉሬ ላይ ለቀመችልኝ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ «መንገዱ በየት ነው?» አለች።

አላውቅም ነበር። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ቀርከሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፀሐይዋም በአናታችን ላይ ቆማ አቅጣጫ አትሰጥም። ከእኔ ፊት የማስቀደማት ልጄ «እኔ ከኋላ ልሁን?» ስትለኝ በጥፊ ልመታት ምንም አልቀረኝም።

«ቅደሚ» አልኳት። «ወደ ቁልቁል ሂጂ። ውሃ ወርዶ መንገድ ያገኛል።»

እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። የመጨረሻ ሆኜ ቀርከሃ ውስጥ ሄጄ አላውቅም ነበር። ፊት ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው የምታይው፤ ጀርባው ይጠፋል፣ ይመጣል። የራስሽ ኮቴ የሌላ ሰው ይመስልሻል። ኸዲጃ ይህን ሁሉ እያየች ነበር ለካ የተከተለችኝ። ደክሟት ቢሆን፣ እሾህ ወግቷት ቢሆን፣ እኔን ለመጥራት አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታው ይሆናል።

ከኋላዬ ደግሞ ሰማሁት። ሻሽ፣ ሻሽ። ዳዊት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ዳዊት ከሄደ ቆይቷል። ስቆም ትንሽ ዘግይቶ ይቆማል። ዝንጀሮ ነው በሉ፤ ሰዓዳም ስነግራት ዝንጀሮ ነው ብላለች። እኔ አልዞርኩም። ብዞር ማንም እንደማይኖር አውቃለሁ፤ አለመዞሬ ነው ኸዲጃን ያቆያት የመሰለኝ። «ነይ» አልኩ በሹክሹክታ። ለሰዓዳ እንዳልሆነ ሰዓዳም አወቀች፣ ግን አካሄዷን አልለወጠችም፤ ቀስ አለችልኝ እንጂ።

ቀርከሃው ሲያልቅ ኮቴው ቀረ። ፊት ለፊታችን ሜዳው ተከፈተ፣ አባሎውም ወይባውም እስከ ታች ድረስ ቀይና ቢጫ ነበር። ሰዓዳ ቆመች። ጎኗ ቆምኩ። ልጄ የምታየውን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት አየሁ፣ ብዙ አይደለም፣ ትንፋሻችን እስኪመለስ። እጇን አልያዝኩም። እሷ ናት የያዘችኝ፣ የነከሰችውን መዳፍ።

ከሜዳው በታች የከብት መንገዱ አለ፣ ከከብት መንገዱ በታች አስፋልቱ። አንድ ሰውዬ ቀርከሃ ጭኖ አህያ ይነዳል፣ ሰላም አለን። የአሶሳ ቆርቆሮ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ስልኳ ኪሷ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። ሰላም ናት፤ ሰዓዳ ለእኔ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ የት ናችሁ? በአላህ፣ የት ናችሁ?» ድምጿ በለቅሶ ተበላሽቷል።

«አስፋልቱ ላይ ነን፣ ልጄ» አልኳት። «ሰዓዳ አጠገቤ ናት። ማንም አልነካንም። ደርሰናል፣ ደህና ነን።»